ፕላኔት ማፈንዳት ሻይ ማፍላት ነው እንዴ?

ኧረ በናታችሁ፣ ሰለቸኝ! ፒያሳ ቡና ልንጠጣ በተቀመጥን ቁጥር የጓደኞቼ ወሬ አንድ ነው፤ በህዋ ፊልሞች ላይ የማን መሣሪያ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1977 ስታር ዋርስ ፊልም ላይ ዴዝ ስታር የሚሉት ትንሽ ጨረቃ የሚያክል የጦር መርከብ አንድ ፕላኔት አፈነዳ፣ እሺ ይሁን። በ2015 የመጣው ደግሞ በአንድ ተኩስ ፕላኔቶችን ደርድሮ ጨረሰ። ቀጥሎ ምን ቀረ፣ ጋላክሲ?

ጉልበቱ ከየት ነው የሚመጣው? መሬትን ተመልሳ እንዳትገጥም አድርጎ ለመበተን ፀሐይ በሳምንት ገደማ የምታመነጨው ኃይል ያስፈልጋል። በሙሉ! እኛ ጋ የሚደርሰው ቅንጣት አይደለም። ደሴ ላይ መብራት ድርግም ሲል ምጣድ ላይ ያለው እንጀራ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ እነሱ ግን ያን ሁሉ በሰከንድ ተኩሰው መርከቧ ትንሽ እንኳ አትሞቅም። ሙቀቱስ የት ገባ? ህዋ ላይ አየር የለም፣ ሙቀት የሚወጣው በጨረር ብቻ ነው፤ ከዚያ ሁሉ አንድ መቶኛው ውስጥ ቢቀር ሠራተኞቹ ከነመርከባቸው እንፋሎት ናቸው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችን የጨረሰው ድንጋይ ስፋቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚህ ከደሴ ኮምቦልቻ እንኳ አይደርስም! አንድ አለት ገፋ ማድረግ ከበቃ፣ ትንሽ ጨረቃ የሚያክል ነገር ምን አስገነባ?

ይህን ለአንዱ ስነግረው «አንተ ደግሞ ፊልም አታበላሽብን» ብሎኝ ሁለተኛ ቡና አዘዘ። በእኔ ሂሳብ።