የሁለት ሳምንት ጄኔራሎቻችንን እናመስግን

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ «መንገድ ተዘግቷል» ተብለን ሻንጣችን ላይ ተኮልኩለናል። አንዱ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ «ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሱ፣ ጦርነቱ ያልቃል» አለን። ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ያለ የወሬ ጄኔራል እናንተም ሰፈር አለ። የመንግሥት ደጋፊ የሆነው «ሁለት ሳምንት» ይላል፣ የጫካው ደጋፊም እንደዚያው። በሌላው ሁሉ ቢጣሉም በቀጠሮው ተስማምተዋል። ይህ ቀላል ነገር ነው?

እንደነሱ ያለ ሆደ ሰፊ ከየት ይገኛል! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት እኮ ጨቅጫቃ ነው። የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ጦርነት የሚያውጀው የተወካዮች ምክር ቤት ነው ይላል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከስድስት ወር አይለፍ፤ ይታደስ ከተባለም በየአራት ወሩ፣ በምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይላል። ጄኔራላችን ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድድና «አሁን የሕግ ጊዜ አይደለም» ይላል። ታዲያ መቼ ነው? ከሁለት ሳምንት በኋላ።

የእኛ ሰፈሩ ጄኔራል ቡና የሚጠጣው በዱቤ ነው። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ በአቦል ደጀንን ይይዛል፣ በቶና ፍኖተ ሰላም ይገባል፣ በረካው ሲደርስ ቡሬን ለቆ «ስልታዊ ማፈግፈግ ነው» ይላል። ለተቀማጭ ሰማይ ቅርቡ ነው። ሒሳቡን «መንገድ ሲከፈት» ብሎ አስይዟል። አንድ ቀን ባለቡናዋ ደብተሯን ገለጠች።

«ጋሼ፣ ስድስት ወር ሞላዎት እኮ።»

«ይራዘምልኝ፣ እቴ።»

«እሱማ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ጠጪውን ሁሉ እጅ አስወጣች። ዘጠኝ ነበርን፤ ስድስት ድምፅ ያስፈልገዋል። ሁለት ብቻ ደገፉት፣ እነሱም ባለዱቤዎች ናቸው። አንዱ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፤ አፉ በፈንዲሻ ተሞልቶ ነበር። ጄኔራሉ ብድግ ብሎ ስለ አገር ህልውና ንግግር ጀመረ። «የአገሩን ቆይተን እናያለን፣ የሲኒውን ይክፈሉ» አለችው። ይሄኔ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ብሎ ተከራከረ። ቀጥሎ ድምፁ በምስጢር ይሰጥ አለ። ቀጥሎ ሊስትሮው ልጅ ዕድሜው ስላልደረሰ ድምፁ ይሰረዝ አለ። ለካ ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል! በራሱ ዕዳ ሲመጡበት ጊዜው የሕግ ሆነ።

ሽሙጡ ለአፍታ ይቆይ። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ላይ መንገድ እስኪከፈት ትጠብቃለች። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ከብት ጠባቂ ሆኖ የቀረ ስንት ልጅ አለ። በሁለቱም ወገን የሚሞተው የገበሬ ልጅ ነው። የራሱን ልጅ ወደ ሰላሙ አገር አሽሽቶ የሰውን ልጅ «በለው! ግፋ!» የሚል ሰው ምኑ ነው ጀግና? በሐምሌ 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ አንዴ ተራዝሞ በ2016 ጊዜው አለቀ። ተኩሱ ግን አዋጁን ተከትሎ አልቆመም።

ወደ ምስጋናው ልመለስ። ጄኔራላችን ከዚያ ድምፅ ወዲህ ከመንገዱ ማዶ ካለችው ባለቡና ዘንድ ሰፍሯል። «ሽንፈት እንዳይመስላችሁ፣ ሁለተኛ ግንባር ነው» ይላል። እሷ ደግሞ ደብተር የላትም፤ ዱቤ የምትይዘው በቃሏ ነው።