ሲካዳ አንበጣ አይደለም

«ሲካዳ የሚባለው ክንፋም ነፍሳት እ.ኤ.አ. በ2038 የአሜሪካን ሜሪላንድ ግዛት ሲያጥለቀልቅ እንደ አንበጣ የጓሮ አትክልታችንን ይጨርሰዋል፤ ደግሞም መርዛማ ነው» ያሉት መታረም አለበት፤ በዚህ ፍርሃት ፀረ-ተባይ የሚረጭ ሰው የሚጎዳው ሲካዳውን የሚለቅሙትን ወፎች ጭምር ነው።

አንበጣ ቅጠል የሚያኝክበት መንጋጋ አለው። ሲካዳ ያለው እንደ መርፌ የቀጠነ መምጠጫ ብቻ ነው። በሜሪላንድ የሚጠበቀው ዓይነት 17 ዓመት ከመሬት በታች የዛፍ ሥር ፈሳሽ እየመጠጠ ያድጋል፤ በጸደይ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው አፈር 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በምሽት ይወጣል። ግንድ ላይ ተጣብቆ ቅርፊቱን ሲገፍፍ ገላው ነጭ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ ከዚያ በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል። ጎመንዎንና ቲማቲምዎን አይበላም። ሴቷ ግን እንቁላል ለመጣል ቀጫጭን ቅርንጫፎችን ትሰነጥቃለች፤ ለጋ የፍራፍሬ ችግኝ ካለዎት በመረብ ይሸፍኑት።

መርዛማም አይደለም። ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች አንዱ የሆነው የኦኖንዳጋ ሕዝብ፣ እ.ኤ.አ. በ1779 የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር ሰብሉን ካቃጠለበት በኋላ ሲካዳ በልቶ ከረሃብ መትረፉን ዛሬም ይተርካል። እርግጥ ነው፣ ሽሪምፕ ወይም ሎብስተር አለርጂ የሚሆንበት ሰው መቅመስ የለበትም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2021 ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነው።