ማስተካከያ፦ ትልቅ የካንቫስ ፎቶ ፎም ቦርድ ላይ ስለ መለጠፍ

ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ የካንቫስ ፎቶ (ጨርቅ ላይ የታተመ ፎቶ) ፎም ቦርድ (መሃሉ ፎም የሆነ ቀላል ሰሌዳ) ላይ በነጭ ኮላ ተለጥፎ ሌሊቱን ክብደት ከተጫነበት አይጣመምም ተብሎ ነበር። ለትንሽ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ከ1 ሜትር በላይ ለሆነ ፎቶ ግን በቂ አይደለም።

ችግሩ ያለው ውኃው ላይ ነው። ነጭ ኮላ ውኃ ስላለው ካንቫሱን ያረጥበዋል። ኮላው ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ቦርዱንም በአንድ ወገን ይስበዋል። ክብደቱ የሚይዘው እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ጠርዞቹ ቀስ እያሉ ወደ ፎቶው በኩል ይታጠፋሉ።

ስለዚህ የቦርዱን ጀርባም አልብሱት። ያንኑ ዓይነት ካንቫስ፣ በዚያው ኮላ፣ በዚያው ሰዓት ለጥፉ። የተበላሸ ህትመት ካላችሁ እሱን መጠቀም ይቻላል፤ ማንም አያየውም። የክሩ አቅጣጫ ግን ከፊተኛው ጋር አንድ ይሁን። ሁለቱም ወገን እኩል ሲስብ ቦርዱ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ኮላውን ቦርዱ ላይ በሮለር ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ኮላው በዛ ማለት ውኃው በዛ ማለት ነው።

ፎቶው በጣም ትልቅ ከሆነ ፎም ቦርዱን ተዉት። ለማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሸጠው 3 ሚሊ ሜትር ኤሲፒ (የአሉሚኒየምና የፕላስቲክ ድርብርብ ሰሌዳ) ይሻላል። ሁለቱም ፊቱ አሉሚኒየም፣ መሃሉ ፕላስቲክ ስለሆነ እርጥበት አይጠጣም። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን ያዋጣል።