ጎረቤቶቼ "አውቃለሁ" ይላሉ

አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ በገባሁ በጥቂት ወር ውስጥ ጎረቤቶቼ ወደ ቤተክርስቲያናቸው ጋበዙኝ። በረዶ ሲጥል ሳልጠይቃቸው ደጄን የጠረጉልኝ፣ ፍራሼን ተሸክመው ደረጃ የወጡልኝ ሰዎች ናቸውና እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ነበር። ሞርሞኖች በዚያ ቀን ሁለት ማዕድ ይጾማሉ፤ ያልበሉትን ምግብ ዋጋ ለችግረኛ ይሰጣሉ። በእሁድ መጾም! እናቴ ብታይ "ሰንበትን?" ብላ አፏን በነጠላዋ ትይዝ ነበር።

(መሪዎቻቸው ከ2018 ጀምሮ "ሞርሞን አትበሉን፤ ሙሉ ስማችንን ጥሩ" ብለዋል። ሙሉ ስሙ የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ ለጽሑፍ ይረዝምብኛል። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

በዚያ እሁድ የተመደበ ሰባኪ የለም። የፈለገ ተነስቶ ማይክሮፎን ይይዝና ይመሰክራል። አንድ ሽማግሌ ተነሱ፣ አንዲት ወይዘሮ ተነሳች፣ አምስት ዓመት የማይሞላው ሕፃን እናቱ በጆሮው እያንሾካሾከችለት ተናገረ። የሁሉም መነሻ አንድ ቃል ነው፦ "አውቃለሁ።" ይህች ቤተክርስቲያን እውነተኛ መሆኗን አውቃለሁ፤ ጆሴፍ ስሚዝ (መሥራቻቸው ነው) ነቢይ መሆኑን አውቃለሁ። "አምናለሁ" ያለ አልሰማሁም። እኔ ያደግሁት በጸሎተ ሃይማኖት "እናምናለን" ሲባል እየሰማሁ ነው፤ ያውም በብዙ ቁጥር፣ የአንዱ ድምፅ ቢጎድል ማንም በማያውቅበት።

ሕጋቸው ደግሞ የኔን ቤት በቀጥታ ይነካል። በ1833 ጆሴፍ ስሚዝ ተገለጠልኝ ባለው ቃል አልኮል፣ ትምባሆና "ትኩስ መጠጥ" ተከለከሉ። ትኩስ መጠጥ የተባለው ቡናና ሻይ ነው ተባለ። ስለዚህ በረዶ የገባበት ቡና ክልክል ነው፣ ትኩስ ቸኮሌት ግን ይጠጣል። ኮካ ኮላም ስላልተከለከለ የዩታ ሰው መኪናውን አሰልፎ ባልዲ በሚያህል ኩባያ ሶዳ በኮኮናት ሽሮፕ ይገዛል። ሳቅሁ። ኋላ የአዲስ አበባው የጾም ማኪያቶ ትዝ ሲለኝ ሳቄን ዋጥሁት። ቡናን የእስላም ነው ብለው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ሲጸየፉ የኖሩትስ የኛው ክርስቲያን አያቶች አይደሉም?

የከበደኝ ሌላ ነው። የእሁዱ ቤተክርስቲያን ለማንም ክፍት ነው። ቤተመቅደስ ግን የሚገባው በወረቀት ነው። ጳጳሳቸው ደመወዝ የሌለው፣ ሰኞ ወደ ሥራው የሚሄድ የሰፈር ሰው ነው። ለብቻ አስቀምጦ ይጠይቃል፦ በእግዚአብሔር ታምናለህ? አስራት በሙሉ ትከፍላለህ? ያንን የ1833ቱን ሕግ ትጠብቃለህ? ወረቀቱ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ወረቀት የሌላት እናት የገዛ ልጇ በቤተመቅደስ ሲዳር ማየት አትችልም፤ ውጭ ሆና ትጠብቃለች። እስከ 2019 ድረስ እዚህ አሜሪካ፣ ለእንዲህ ያለች እናት ሲሉ መጀመሪያ ውጭ ቢጋቡ፣ ለቤተመቅደሱ ሥርዓት አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው።

የጎረቤቴ ልጅ ማታ ማታ እኔ ቤት መምጣት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ "ኤልደር" የሚል ጥቁር ሰሌዳ ለጥፎ፣ ሁለት ዓመት በሰው አገር ለስብከት ደጃፍ ሲያንኳኳ ኖሮ የተመለሰ ልጅ ነው። ሰው ሲያሳምን ቆይቶ የራሱ ጠፋበት። ያነበበው የጠላት ጽሑፍ አይደለም፤ ቤተክርስቲያኒቱ ራሷ ከ2013 ጀምሮ ያወጣቻቸውን ጽሑፎች ነው። ጆሴፍ ስሚዝ በ1835 የተገዛ የግብፅ ፓፒረስ "የአብርሃም መጽሐፍ ነው" ብሎ ተርጉሞ ነበር። ቁርጥራጮቹ በ1966 ኒው ዮርክ ሙዚየም ውስጥ ተገኙ። የግብፅ ጽሑፍ የሚያነቡ ምሁራን ሲያዩት የቀብር ጽሑፍ ሆነ፤ ስለ አብርሃም አንድ ቃል የለበትም። ቤተክርስቲያኒቱም አልካደችም፤ ማብራሪያ ሰጠችበት እንጂ። ሁለተኛው የቆረቆረው፣ ጥቁር ወንዶች እስከ ሰኔ 1978 ክህነት መከልከላቸው ነው። ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አፈረ።

በ2013 ከመሪዎቻቸው አንዱ ዲተር ኡክዶርፍ እምነታችሁን ከመጠራጠራችሁ በፊት ጥርጣሬያችሁን ተጠራጠሩ ብለው መክረው ነበር። "ጥርጣሬዬን ተጠራጥሬ ጨረስሁ፤ አሁንስ?" አለኝ። ምን ልበለው? የነሱ ፓፒረስ ወጥቶ ተነበበ። የኛ ታቦተ ጽዮን አክሱም በመጋረጃ ውስጥ ነች፤ ከጠባቂዋ መነኩሴ በቀር ማንም እንዲያያት አይፈቀድም፣ ከኛም እንያት ያለ የለም።

እናቴ ለጥየቃ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበርና ቡና እያፈላች ነው። "ምን ሆኖ ነው ፊቱ እንዲህ የጠቆረው?" አለችኝ፣ በዚያ በቀላ ፊቱ ላይ።

"ማመን አቃተው። ቤተሰቡ እንዳያውቁበት ፈርቷል።"

"ታዲያ መሳለም ማን ከለከለው?"

ለልጁ ማስረዳቱ ጊዜ ወሰደ። በኛ አገር ልግባ ያላለው ሰው ከቅጽሩ በር ላይ ይቆማል፣ ግንቡን ስሞ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ለምን አልገባህም ብሎ የሚጠይቀው የለም። ዛፍ ሥር ቆሞ እያስቀደሰ ያረጀ ስንት አለ። ያመነው ይሁን የተጠራጠረው በነጠላ አይለይም። ልጁ ዝም ብሎ አዳመጠና "እኛ በር ላይ የሚባል ቦታ የለንም" አለ።

ትንሽ ኮራሁ። ኩራቱ ግን ሲኒው እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆየም። ያ በር ላይ ቆሞ ስሞ የሚሄደው ሰው እኔ ነኝ። ምን እንደማምን፣ ምን እንዳቆምሁ ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም፤ ጠይቃኝም አታውቅም። እሱ ቢያንስ "አውቃለሁ" ማለት ያቃተውን እሁድ ቀኑን ቆጥሮ ይነግርሃል። እኔ መቼ እንደሆነ አላውቀውም፤ ቀስ ብሎ በዝምታ ሄደ፣ ወይም አልሄደም።

ልጁ ቡናውን አልጠጣም፤ በእጁ ይዞት ቆየ። እናቴ ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ እምነት አወጣች፤ ከደብሯ ይዛው የመጣችው ነው። ግንባሬን ቀባችኝ። ከዚያ በአገጯ ወደ እሱ እያመለከተች "ልቀባው በለው" አለች።

ጠየቅሁት። ጎንበስ አለላት።

"ምን ይባላል?" አለኝ ግንባሩን ሳይነካ።

"እምነት" አልሁት።

"ትርጉሙስ?"

እናቴን አየኋት፤ ወረቀቱን ደግማ እየጠቀለለች ነው።

"አመድ" አልሁት።