መቶ ድረስ የሚቆጥሩ፣ አራት ሎሚ የሚያቅታቸው

እናንተ የባህር ዳር እናቶችና አባቶች፣ እስቲ ዛሬ እንተሳሰብ።

እሁድ ቤታችሁ እንግዳ ይመጣል። ቡናው ይፈላል። ከዚያ ልጁ ይጠራል። «ና እስቲ፣ ለጋሼ ቁጠርላቸው!» ልጁ እጁን ወደኋላ አጣምሮ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» እያለ ይለቀዋል። «ትዌንቲ ናይን» ላይ ሲንገዳገድ እናት ከጓዳ «ሰርቲ!» ትላለች። መቶ ይደርሳል። ይጨበጨባል፣ ከረሜላ ይሰጠዋል። በቃ፣ ሒሳብ አወቀ ተባለ።

አላወቀም። ዘፈን ነው የዘፈነላችሁ።

ይህን የምለው ከናንተ ተሽዬ አይደለም። የኔዋ ልጅ አራት ዓመት ከምናምኗ ነው። መቶ ድረስ ታወርደዋለች፣ ያውም በሁለት ቋንቋ። እኔም ሰው ፊት አስቆጥሬያታለሁ፣ አልዋሽም። አንድ ቀን አሳ ልንበላ ተሰናድተን «አራት ሎሚ አምጪልኝ» አልኳት። የቻለችውን ሁሉ አቅፋ መጣች። «ቁጠሪው እስቲ» አልኳት። አንዱን ሎሚ ሁለቴ ነካችው፣ ሌላውን ደግሞ እንደዚያው፣ ዘጠኝ ላይ ቆመች። ሎሚዎቹ ሰባት ነበሩ። «እሺ፣ ስንት ናቸው?» ስላት እንደገና ከአንድ ጀመረች። የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ሎሚ ብዛት መሆኑን አታውቅም።

ሮሸል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስትል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን ዘርዝረው ጽፈውታል። የቁጥሮቹን ስም በተራ መጥራት የመቁጠር አንድ ክፍል ብቻ ነው። ለአንድ ዕቃ አንድ ስም ብቻ መስጠት አለ። መጨረሻ የተጠራው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን ማወቅ አለ። ከግራም ተጀመረ ከቀኝ ብዛቱ እንደማይለወጥ ማወቅም አለ። እኛ የመጀመሪያዋን ብቻ ይዘን እናጨበጭባለን።

የኔታ ይህን ያውቁ ነበር። ፊደል «ማስቆጠር» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ልጁ ስንደዶ ይዞ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ነው የሚጠራት። ሸምድዶ በዜማ ሲያወርደው መሃል ላይ አንዷን ያመለክቱና «ይቺ ማናት?» ይሉታል። ያኔ ጉዱ ይወጣል። (ኩርኩሙ ግን አልናፈቀኝም።)

አሁን ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ልምጣ። ስንቶቻችን ነን ትምህርት ቤት የምንመርጠው በቤት ሥራው ብዛት? ባለፈው ዓመት ልጄ ሦስት ገጽ ሙሉ 5 እንድትጽፍ ታዘዘች። ግማሹ 5 ፊቱን አዙሯል። አልቅሳ ተኛች። ስለ አምስትነት ያወቀችው ነገር የለም። በማግስቱ ሄጄ መምህሯ ላይ ጮህኩ። እሷም ረጋ ብላ «ደብተሩ ባዶ ከሆነ ወላጅ ይቆጣል» አለችኝ። ወላጅ ማለት እኛ ነን። አፍሬ ተመለስኩ።

እኔና እናንተ ቁጥር የተማርነው የት ነበር? አቧራ ላይ ነዋ! ቀለቦሽን አስታውሱት። አምስት ጠጠር። አንዷን ወደ ላይ ወርውረህ፣ ሳትወርድ ከመሬት አንስተህ፣ የወረወርካትን ትቀልባለህ። መጀመሪያ አንድ አንድ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት። ቀጥሎ ሦስቱን ባንዴ፣ የቀረችውን ለብቻ። በመጨረሻ አራቱንም አፍሶ ማንሳት። አያችሁት? አራት ማለት ሁለትና ሁለት ነው፣ ሦስትና አንድ ነው፣ አንድ አራት ጊዜ ነው። ይህንን ደብተር ላይ ለማስረዳት መምህር ስንት ጠመኔ ይጨርሳል! እኛ ግን ጉልበታችን አቧራ እንደለበሰ ገብቶን ነበር።

የአራት ዓመት ልጅ መቅለብ ያቅተዋል። ግድ የለም። አምስቱን ጠጠር ቁጠሩለት፣ ዓይኑን ይጨፍን፣ ሁለቱን ስኒ ስር ደብቁ። «ሦስት ይታያል፣ ስኒው ስር ስንት አለ?» ልጄ በዚህ ጨዋታ አበደች። አሁን እኔን ነው ዓይን የምታስጨፍነኝ፣ ታጭበረብራለችም። ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑት ግን ጠጠርም ባቄላም አትስጡ። አፋቸው ወይ አፍንጫቸው ውስጥ ይከቱታል። ለነሱ ሎሚና ብርቱካን ይበቃል።

ገበጣ ደግሞ አለ። ጉድጓድ የሚማስበት መሬት ጠፋ፣ ሁሉም ኮብልስቶን ሆነ ካላችሁ፣ ሠላሳ እንቁላል የሚይዘውን ካርቶን አትጣሉት። ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸውን ሁለት ረድፎች ቁረጡ። በየጉድጓዱ አራት አራት ባቄላ። ሕጉ እንደየሰፈሩ ይለያያል፣ እናንተ የምታውቁትን ተጫወቱ። ልጁ አንዱን ጉድጓድ አፍሶ በቀጣዮቹ ላይ አንድ አንድ ይጥላል። ሁለት ከጣለ ጓደኛው ይጮህበታል። ከኛ ምክር ያ ጩኸት ይበልጣል።

ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ በጠመኔ ከ1 እስከ 10 ጻፉበት። ሲግለርና ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት፣ ከ1 እስከ 10 በተራ የተጻፈበት የሰሌዳ ጨዋታ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተደምሮ አንድ ሰዓት ያህል የተጫወቱ የድሃ ቤተሰብ ልጆች የቁጥር ዕውቀታቸው ጨምሯል። በቁጥሩ ፋንታ ቀለም ያለበትን የተጫወቱት ግን አልጨመሩም። እናንተ «ግቢውን አቆሸሹት» እያላችሁ ልጆች የምታባርሩ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ ጠመኔ ዝናብ ያጥበዋል። ተዉአቸው!

ቋንቋውንም አስቡበት። አስራ አንድ ማለት አስርና አንድ ነው፣ ራሱ ይናገራል። «ኢለቨን» ለሕፃን ምን ይናገራል? አርባ ውስጥ አራት ይሰማል፣ ሃምሳ ውስጥ አምስት፣ ስድሳ ውስጥ ስድስት። የግዕዙ ፲፩ ደግሞ አስሩንና አንዱን ጎን ለጎን አቁሞ ያሳያል። እንግሊዝኛው ይደርስበታል፣ አትቸኩሉ።

አባቶች፣ እናንተን ለብቻ ነው የምቆጣችሁ። ቤቲንግ ቤት ቆማችሁ የስንት ጨዋታ ነጥብ በቃላችሁ ታባዛላችሁ። ቤት ገብታችሁ ከልጃችሁ ጋር አምስት ጠጠር መቁጠር ሲመጣ «ደክሞኛል፣ ስልኩን ስጡት»።

ድካም ካለ ተቀምጣችሁም ይሆናል። ጣና ዳር ሻይ እየጠጣችሁ «ስንት የደንገል ታንኳ አለፈ?» በሉት። መንገድ ላይ ዘንባባዎቹን ይቁጠር። ባጃጅ በሕጉ ከኋላ ሦስት ሰው ይጭናል። እኛ አምስት ነን፣ ስንት ሰው ይቀራል? ገበያ ላይ አንድ መደብ ቲማቲም ስንት ፍሬ አለው? መጀመሪያ ይገምት፣ ከዚያ ይቁጠር። ቢሳሳት አትሳቁበት።

ለመጪው እሁድ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንግዳ ሲመጣ ልጁን ለዘፈን አትጥሩት። ቡናው ከመቀዳቱ በፊት ባዶውን ስኒ እሱ ያድል፣ ለአንድ ሰው አንድ። አንድ ቢጎድል ዝም በሉ። ስኒ ያልደረሳቸው ጋሼ ራሳቸው ይጠይቁታል።