ለላንድሮቨሬ ስፖኪዮ አጣሁ!

ዛሬስ አንጀቴ አርሯልና ልተንፍሰው። አንድ ሰው ለመኪናው ስፖኪዮ ለመግዛት ይህን ያህል መንከራተት አለበት?

መኪናዬ ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ነው። ረጅሙ፣ 109 የሚባለው። ፋብሪካው ይህን ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ነው የሠራው። አባቴ ከጨረታ ገዝቶ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶበታል። ሞተሩ ዛሬም ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ይነሳል። ካምቢዮው ጤነኛ ነው፣ ፍሬኑን በቅርቡ አሠርቼዋለሁ። የጎደለው ስፖኪዮ ብቻ ነው። የቀኙን ሚኒባስ ጠባብ መንገድ ላይ ገጭቶት ሄደ። የግራው ደግሞ መያዣ ብረቱ በዝገት ተበልቶ ተቆረጠ።

ጓደኞቼ ሁሉ "ሶማሌ ተራ ሂድ፣ እዚያ የማይገኝ የለም" አሉኝ። ሄድኩ። ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ስዞር የሚገጥመኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። "ወንድሜ፣ ምን ነበር?" "የላንድሮቨር ስፖኪዮ።" "አለ!" በቃ። ሞዴሉን አይጠይቅም። ዓመቱን አይጠይቅም። የሚታሰረው በሩ ላይ ይሁን ፓራፋንጎው (የጎማው ሽፋን) ላይ አይጠይቅም። አቧራ የጠጣ ካርቶን ከላይ ያወርድና "ኦሪጅናል ነው፣ ይገባል" ይላል። ሲከፈት የአይሱዙ ነው። ሌላው ጋ የትራክተር። ሌላው ጋ የአዲሱ የዲፌንደር ነው፤ ስሙ ላንድሮቨር ስለሆነ ብቻ ይገጥማል ይሉኛል። አልገዛም ስል ደግሞ ይቆጣሉ። "አሮጌ መኪና ይዘህ ትመርጣለህ እንዴ?" ያለኝ አለ። አዎ እመርጣለሁ! ልጆቼን የምጭንበት መኪና ነው።

አንድ ወጣት ብቻ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ ትኩር ብሎ አየና "ጋሼ፣ ይሄ እኔ ጋ የለም፣ አላታልልዎትም" አለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። እንደሱ ዓይነቱ ሰው ቢበዛ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

የማይገጥመውን ገዝተህ ልሞክረው ብትል ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የሲሪስ ላንድሮቨር አካሉ አሉሚኒየም ነው። ላሜራው ስስ ነው። መካኒኩ "በስተን እናስረዋለን" ይላል፣ መሰርሰሪያውን ይዞ ይመጣል። ያን ስስ ላሜራ በስተህ ከባድ ስፖኪዮ ስትሰቅልበት ዙሪያው ይሰነጠቃል። የብረት ብሎኑ ከአሉሚኒየሙ ጋር ሲነካካና ዝናብ ሲገባበት ደግሞ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። በመሃል የጎማ ቁራጭ ማድረግ ግድ ነው። ይህን የሚያስታውስ መካኒክ ስንት ነው?

ብሎኑስ? የሲሪስ 3 አብዛኛው ብሎን በኢንች ነው። ገበያው ላይ ያለው በሚሊ ሜትር ነው። 5/16 ኢንች ማለት 7.94 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለ8 ሚሊ እጅግ ይቀርባል። ስለዚህ ባለ 8ቱ መጀመሪያ ላይ የገባ ይመስላል፤ አንድ ሁለት ዙር ይሄዳል። ከዚያ መካኒኩ በቁልፍ ያስገድደዋል። ጥርሱ የተለያየ ነውና የቆየውን ጥርስ ይልጠዋል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ መኪና ላይ በአምስት ደቂቃ የሚሠራ ጥፋት ነው ይሄ። ቆሜ እያየሁ "ተው!" ብዬ ጮኼ የማውቀው ለዚህ ነው። እነሱ ግን ይሄ ሰውዬ ነገረኛ ነው ይላሉ።

የሚያስፈልገኝን አሳምሬ አውቀዋለሁ። የፊት መስታወቱ ፍሬም ማጠፊያ ላይ ካለው ብሎን ጋር የሚታሰር ጠንካራ ዘንግ ያለው ጥንድ ነው የምፈልገው። ምንም መብሳት የለም። የበሩ የላይኛው ክፍል ቢወልቅም ስፖኪዮው አብሮ አይሄድም። ድሮ ፓራፋንጎው ላይ ይታሰር የነበረው ዓይነት ያምራል፣ አልክድም። ግን ክረምት ላይ ዝናብ ሲመታው በእጅህ ጠርገህ መንዳት አትችልም፣ ሩቅ ነው። ማጠፊያው ላይ ያለውን ግን መስኮት ከፍተህ በጨርቅ ታብሰዋለህ።

መስታወቱም ሌላ ጣጣ ነው። በግራ፣ በሾፌሩ በኩል፣ ጠፍጣፋ መስታወት እፈልጋለሁ። ከኋላ የሚመጣውን በልኩ ያሳያል። በቀኝ ደግሞ ጎበጥ ያለው ይሁን፤ ሰፋ አድርጎ ስለሚያሳይ ከጎን የሚሽሎከለከለውን ባጃጅና ሞተር ይይዝልኛል። ጎበጥ ያለው ግን ነገሩን አሳንሶ፣ አርቆ ነው የሚያሳየው። በሁለቱም በኩል እሱን ገጥመህ፣ ሩቅ የመሰለህ አይሱዙ ጀርባህ ላይ ሲደርስ ነው የሚገባህ። ሱቅ ውስጥ ይህን ስናገር "ሁሉም መስታወት ያው ነው" ይሉኛል። ጭራሽ አንዳንዱ መስታወት እንኳ አይደለም፣ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነው። በጨርቅ ስታሸው ይጫጫራል፣ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል።

ናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚያንቀጠቅጥ የነዳው ያውቃል። ቀጭን ዘንግ ላይ የታሰረ ስፖኪዮ አንዱን ሚኒባስ ሁለት አድርጎ ነው የሚያሳይህ። ፈጠን ስትል ደግሞ ነፋሱ ያዞረዋልና ሰማዩን ታያለህ። ይህ ስፖኪዮ ነው ተብሎ ብር ይከፈልበታል?

በጣም የሚያናድደኝ ግን "ምን አደከመህ፣ ለቦሎ የሚሆን ነገር ለጥፍና ምርመራውን እለፍ" የሚለው ምክር ነው። መካኒኩም ይለዋል፣ ሻጩም ይለዋል፣ ጎረቤቴም ይለዋል። ስፖኪዮ የሚገጠመው ለመርማሪው ነው እንዴ? ከኋላዬ መንገድ የሚያቋርጥ ተማሪ አለ። በቀኝ በኩል ከታክሲ የሚወርድ ሰው አለ።

"ሽጠውና አዲስ ግዛ" የሚሉኝም አሉ። በምን ብር? የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ምን ዋጋ ላይ እንዳደረሰው ሁላችንም አይተናል። አሁን ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ከተማ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይሁን፣ ደግ ነው። እኔ ግን እህል የምጭነው አስፋልት ካለቀ በኋላ ነው። እንግዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቀን የምንኖር ከሆነ፣ መለዋወጫውን የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን ይወቅ! ፎቶ ይይ፣ ዓመቱን ይጠይቅ፣ ሜትር ያውጣ። ከሌለው የለኝም ይበል። እኔም ሌላ ሱቅ እሄዳለሁ፣ ቂም የለኝም።

እንግሊዝ አገር ለእነዚህ መኪኖች አዲስ ዕቃ ዛሬም ይሸጣል። ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ አይቶ ፎቶ ልኮልኛል። ችግሩ የሚያመጣው ሰው ነው፤ የሰው ሻንጣ ውስጥ ብረት ጨምርልኝ ማለት ይከብዳል። በፖስታ ቢላክ መላኪያውና ቀረጡ ከዕቃው ሊበልጥ ነው።

ስለዚህ እዚሁ ልጠይቅ። የሲሪስ 2 ወይም 3፣ መሪው በግራ የሆነ፣ የፊት መስታወት ማጠፊያ ላይ የሚታሰር የስፖኪዮ ዘንግ ጥንድ ያለው ሰው ኢንቦክስ ያድርግልኝ። መስታወቱ ባይኖርም ግድ የለም፣ አስቆርጣለሁ። ዘንጉን ከነብሎኑ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡበት። ዘንጉን በልኩ የሚሠራ ጎበዝ ቶርኖ ቤት የምታውቁም ጠቁሙኝ። "ይገባል" የምትሉኝ ግን እባካችሁ መጀመሪያ ለኩት።