ጾሙ ተይዞ ሰዓቱ ተረሳ?

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ቪዲዮ ስልካችንን ያጥለቀልቀዋል። «ሳይንስ አረጋገጠ፦ ጾም አንጎልን ያድሳል!» ውሸት ነው አልልም። ግን የትኛው ጾም?

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስናርፍ ከምናቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የዘወትር ነዳጁ ግሉኮስ ነው። ምግብ ሳንቀምስ ስንቆይ ጉበት ያጠራቀመው ስኳር እየተሟጠጠ ይሄዳል። ያኔ ሰውነት ስብ ማቅለጥ ይጀምራል፤ ጉበትም ስቡን ኬቶን ወደተባለ ሌላ ነዳጅ ይቀይረዋል። ተመራማሪው ጆርጅ ካሂልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 ለሳምንታት ምግብ ባልቀመሱ ሰዎች ላይ እንዳሳዩት፣ አንጎል አብዛኛውን ነዳጁን ከዚህ ኬቶን ማግኘት ይችላል።

ነገሩ በነዳጅ አያበቃም። ዋናው ኬቶን፣ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት፣ ዲኤንኤ ተጠቅልሎ እንዲዘጋ የሚያደርጉ ኢንዛይሞችን ያግዳል። ተዘግተው የነበሩ ጂኖች ይከፈታሉ። በአይጦች ላይ እንደታየው ከእነዚህ አንዱ ቢዲኤንኤፍ የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ነው። ይህ ፕሮቲን የነርቭ ሴሎች እንዳይሞቱና አዲስ ግንኙነት እንዲፈጥሩ ያግዛል። በአይጦች ላይ ነው ያልኩት አውቄ ነው። አይጥ አንድ ቀን ሙሉ ሳትበላ ዋለች ማለት ለእሷ ከባድ ረሃብ ነው። በሰው ላይ የተገኘው ውጤት ገና የተዘበራረቀ ነው።

አሁን ሰዓት እንቁጠር። ማታ 2 ሰዓት እራቱን በልቶ በማግስቱ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የቆየ ሰው 19 ሰዓት ጾሟል። ኬቶን ለመጀመር ይበቃዋል። የኛ የከተማ ጾም ግን ሌላ ነው። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ረፋድ ላይ ሳምቡሳ፣ ምሳ በያይነቱ፣ ከዚያ የጾም ኬክ በጾም ማኪያቶ። ቅቤው ቀርቷል፣ ስኳሩ ግን ቀኑን ሙሉ አልተቋረጠም። ኬቶን የሚያየው ሰዓቱን እንጂ ፍስክና ጾሙን አይደለም። ለነፍሱ ስለሚጾም ሰው መፍረድ የኔ ሥራ አይደለም፤ ኬክ እየበሉ ሳይንስን ምስክር መጥራት ግን ትንሽ ያሳፍራል።

የምግቡ ዓይነት ለአንጎል ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው በሌላ በኩል ነው። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ሽሮም ምስርም ጎመንም አይሰጡትም። የነርቭን ሽፋን፣ ማየሊንን፣ ጠብቆ ለማቆየት ግድ ያስፈልጋል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጤነኛ ጎልማሳ በአንድ ሁዳዴ አይጎዳም። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጠብቁ፣ በፍስኩም ሥጋና ወተት ብዙም የማያገኙ እናት ግን ሌላ ናቸው። በዚያ ላይ ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ይወስዳሉ እንበል። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቢ12ን መጠን ሊቀንስ ይችላል። «እግሬን ይደነዝዘኛል፣ ነገር ይጠፋብኛል» ሲሉ ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። የቢ12 እጥረት በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም በክኒን ይታከማል። ከቆየ ግን የነርቩ ጉዳት ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ቪዲዮውን ለእናታችን ከመላካችን በፊት የደም ምርመራ እናስደርግላቸው።